«ከአሁን በፊት» ሲባል አሁኑ መቼ ነው?

ሰሃራ አትላንቲክ ጋ ሲደርስ አያበቃም። ነፋስ አቧራውን ባሕር ላይ ይበትነዋል፤ አቧራው ሰምጦ ከጭቃው ጋር ይደራረባል። ከሞሪታንያ ጠረፍ ማዶ በቱቦ የወጣ ጭቃ ታዲያ እንደ መዝገብ ይነበባል። አቧራው የበዛበት ንብርብር የድርቅ ዘመን ነው፤ ያነሰበት ደግሞ ሰሃራ ሣርና ሐይቅ የነበረበት።

አቧራው በድንገት የጨመረው «ከአሁን በፊት 5,500 ዓመት» ገደማ ነው ይባላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይሄ «አሁን» ዛሬ አይደለም፤ እንደ ፈረንጆቹ 1950 ነው። በእኛ 1942 መሆኑ ነው (የባሰ አታምጣ!)። በካርቦን ዕድሜ መለካት (ሕይወት በነበረው ነገር ውስጥ ያለው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ምን ያህል እንደቀነሰ አይቶ ዕድሜውን ማስላት) የተጀመረው በዚያ ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ የኑክሌር ቦምብ ሙከራ የአየሩን ካርቦን አዛባው። ስለዚህ ቆጠራው እዚያው ቆመ። 5,500 ማለት ከክርስቶስ ልደት በፊት 3,550 አካባቢ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። የሚለካው ጭቃው ውስጥ ያለ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ዛጎል ነው። የባሕር ውሃ ያረጀ ካርቦን ስለሚይዝ ዛጎሉ በአማካይ 400 ዓመት ያህል አርጅቶ ይታያል። ጥልቁ ውሃ ወደ ላይ በሚወጣበት ጠረፍ ደግሞ ይብሳል። ያ ሳይቀነስ የተጻፈ ቁጥር ካጋጠማችሁ ቶሎ አትመኑት።