ታፔላው ላይ ብዙ ስለተጻፈ ብዙ ደንበኛ አይመጣም

ታፔላ ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። «ባዶ ቦታ አትተው፣ ሙላበት» ሲሉኝ ዛሬም እናደዳለሁ።

«ብዙ ሲጻፍበት ብዙ ሰው ይገባል» ይላሉ። አይገባም! መንገደኛ ቆሞ አያነብም፤ ታክሲ ውስጥ ያለው ደግሞ ጨርሶ ጊዜ የለውም። ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እናት 2 ሜትር ታፔላ ላይ 17 የምግብ ዓይነትና 3 ስልክ ቁጥር ጻፍልኝ አሉኝ። ናሙናውን በሙሉ ልኩ በወረቀት አትሜ በራቸው ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግረን ቆምን።

«እትዬ፣ እስቲ ያንብቡልኝ።»

ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩ፣ አዩ። «ልጄ፣ ሽሮዋ እንኳን አትታየኝም» አሉ።

በሙያው የሚታወቅ ልክ አለ። ለ3 ሜትር ርቀት የፊደሉ ቁመት ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ለ30 ሜትር 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን ይባላል። ይህ ግን ለላቲን ፊደል የወጣ ነው። የእኛ ፊደል ከዚያም ተለቅ ማለት አለበት። «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለያቸው እግራቸው ላይ ያለው ነገር ነው፤ አንዷ ሰረዝ፣ ሌላዋ ቀለበት። ከሩቅ ሁለቱም አንድ ናቸው።

«እንግዲያው ፊደሉን አወፍረው» የሚሉም አሉ። ሲወፍር የ«ሌ» ቀለበት ይደፈናል። ቁመቱን ጨምሩ፣ ቃላቱን ቀንሱ።

«ቀይ አይለቅም።» ፀሐይ ላይ ቶሎ ከሚለቁት አንዱ እሱ ነው።

«የራሴ ሱቅ ነው፣ ፈቃድ አያስፈልገኝም።» የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ን አንብቡ። የውጭ ማስታወቂያ ያለ ፈቃድ አይሰቀልም።

«ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ ሕዝቡ አውቋል።» ይኼኛው ያሳዝነኛል። በአንድ ግቢ በር ላይ «ከሐሙስ ጀምሮ ውሃ ስለሚቋረጥ…» የሚል ወረቀት አይቻለሁ። የትኛው ሐሙስ? ቀን የለው፣ ወር የለው። ዝናብ መትቶት ቀለሙ ፈስሷል። ከታች ያሉ አንዲት አሮጊት በዚያ ሰሞን ሁለት ቀን ያለ ውሃ ቆይተዋል። እባካችሁ፣ ቀኑን ከላይ በትልቁ ጻፉ። በፕላስቲክ ሸፍኑት። ጊዜው ሲያልፍ አንሱት፤ ያረጀ ወረቀት በተከመረበት በር ላይ አዲሱን የሚያይ የለም።

እትዬ በመጨረሻ የቤቱን ስም፣ «ሽሮ» እና «ክትፎ» ብቻ አስጻፉ። ስልኩን በሩ ላይ በትንሹ አደረግንላቸው። አሁን ከታክሲ ፌርማታው ይነበባል።