«ዕቃ በዕቃ ስለሚለዋወጡ መዝገብ አልነበራቸውም» አትበሉኝ

መሥሪያ ቤታችን አዲስ የአካውንቲንግ ተመራቂ በመጣ ቁጥር ያው ተረት ይመጣል። «በቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ ገንዘብ ስላልነበረ ዕቃ በዕቃ ነበር የሚለዋወጡት፤ መዝገብ ምን ያደርግላቸዋል?» ሰለቸኝ።

ሳንቲም ብርቅ መሆኑስ እውነት ነው። ግን ገበሬው በቆሎውን አራግፎ፣ ምስማሩን ተቀብሎ፣ «ተጨራረስን» ብሎ አይሄድም። እንበል ሚያዝያ ላይ ምስማርና ጨው ወሰደ። ባለሱቁ በስሙ በተከፈተው ገጽ፣ በግራ በኩል፣ 8 ሺሊንግ (የዘመኑ የእንግሊዝ ገንዘብ) ጻፈበት። መኸር ላይ በቆሎ አመጣ፤ በቀኝ በኩል 5 ሺሊንግ። አንድ ቀን በጋሪው እንጨት አመላለሰለት፤ 2 ሺሊንግ። የቀረችው 1 ሺሊንግ ወደሚቀጥለው ገጽ ዞረች። ሳንቲም ከኪስ አልወጣም፤ ሁሉም ግን በገንዘብ ተተምኗል። እንዲህ ያለ ሂሳብ ሳይዘጋ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ መዝገብ ከሌለ ማን ያስታውሰዋል?

እኔ በልጅነቴ የአጎቴን ሱቅ የዱቤ ደብተር ስደምር ነው ያደግኩት። አንዲት ደንበኛው ዕዳዋን በቅቤ ትከፍል ነበር። አጎቴ ቅቤውን መዝኖ፣ በብር ተምኖ፣ ከስሟ ላይ ይቀንስላታል። እሱም ያለ መዝገብ ይሠራ ነበር በሉኛ!

ድምሩም ቢሆን የዋዛ አልነበረም። 12 ፔንስ 1 ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ 1 ፓውንድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1750 ወዲህ ደግሞ ያው አንድ የስፔን ዶላር ቦስተን ላይ 6 ሺሊንግ፣ ኒውዮርክ ላይ 8 ሺሊንግ ነበር። ኤክሴል ተበላሸ ብላችሁ ሥራ የምታቆሙ ልጆች፣ ይቺን በላባ ብዕር ሞክሯት።

«ግራና ቀኝ ካለውማ ደብል ኢንትሪ ነው» የሚለኝም አለ። አይደለም! ደብል ኢንትሪ እያንዳንዱ ግብይት በሁለት ሂሳቦች ላይ፣ በአንዱ በግራ በሌላው በቀኝ፣ እኩል የሚጻፍበት ዘዴ ነው። አብዛኛው ባለሱቅ የሚይዘው ማን ስንት እንዳለበት ብቻ ነው። የካፒታል ሂሳብ የለ፣ የትርፍና ኪሳራ የለ። ደብል ኢንትሪን በአግባቡ የሚይዙት በአብዛኛው ትልልቆቹ ነጋዴዎች ነበሩ።

ጣሊያናዊው የሂሳብ ሊቅ ፓቾሊ ደብል ኢንትሪን ፈጠረ? አልፈጠረም። እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ያሳተመው ነጋዴዎቹ ድሮም ይሠሩበት የነበረውን ነው። የጣሊያኗ ጄኖዋ ከተማ በዚሁ ዘዴ የያዘችው የ1340 መዝገብ እስከ ዛሬ አለ።

«ሴቶች ሂሳብ አያውቁም ነበር» ለሚለው ኤልሳቤጥ ቲሞቲን ጥሩልኝ። ባሏ የታዋቂው አሜሪካዊ አታሚና ፖለቲከኛ የቤንጃሚን ፍራንክሊን ሸሪክ ሆኖ ደቡብ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ውስጥ ማተሚያ ቤት ያስተዳድር ነበር። ፍራንክሊን ከእሱ አጥጋቢ ሂሳብ አግኝቶ አያውቅም። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1738 ሲሞት ሆላንድ ተወልዳ ሂሳብ የተማረችው ሚስቱ ተረከበችው። በየሦስት ወሩ የተጣራ ሂሳብ ለፍራንክሊን ትልክ ጀመር። በኋላ ማተሚያ ቤቱን ራሱን ከፍራንክሊን ገዝታ ለልጇ ሰጠችው።