የኦሪገን መንገድ፦ በበሬ ጋሪ ከሚዙሪ ወንዝ እስከ ዊላሜት ሸለቆ

የኦሪገን መንገድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካውያን ሰፋሪዎች ወደ ምዕራብ የተጓዙበት የጋሪ መንገድ ነው። ከሚዙሪ ወንዝ ዳርቻ ከተሞች ተነስቶ ሰፊውን የሣር ሜዳ፣ የሮኪ ተራሮችንና የስኔክ ወንዝን ደረቅ ምድር አቋርጦ ኦሪገን ውስጥ ያለው ዊላሜት ሸለቆ ይደርሳል፤ ርዝመቱ 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። መሐንዲስ ቀይሶ ያወጣው መንገድ አይደለም። የነባር ሕዝቦችን ዱካ የቆዳ ነጋዴዎች ተከተሉት፣ ከነጋዴዎቹ ኋላ ጋሪዎች መጡ። ከ1840 እስከ 1860 ባሉት ዓመታት ወደ ኦሪገን፣ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ዩታ በእነዚህ መንገዶች የሄደው ሕዝብ 300,000 ገደማ ይገመታል። (ዓመታቱም ወራቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለጉዞው ያነሳሳቸው አንድ ምክንያት ብቻ አልነበረም። በ1837 የተነሳው የገንዘብ ቀውስ የእህል ዋጋን ጥሎ ገበሬውን ዕዳ ውስጥ ከተተው፤ በሚሲሲፒ ሸለቆ ወባ በየዓመቱ ይመላለስ ነበር፤ ከኦሪገን ደግሞ ስለ ለም መሬትና ለዘብ ስላለ ብርድ የሚያወራ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። በ1836 ሚስዮናውያኑ ማርከስና ናርሲሳ ዊትማን ከሌላ ባልና ሚስት ጋር ተራሮቹን ሲሻገሩ ሴቶችም ጉዞውን እንደሚችሉት ታየ። በ1843 ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ የጉዞ ወቅት ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ፍሰቱ አልቆመም። በጃንዋሪ 1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ሲገኝ መንገዱ ከቤተሰብ ይልቅ በወጣት ወንዶች ተጨናነቀ።

የጉዞው ስሌት ሁሉ በሣር ላይ የቆመ ነው። በሬ በየቀኑ ይበላል፣ ለአምስት ወር የሚበቃ መኖ ግን የሚሸከም ጋሪ የለም። ስለዚህ ሰፋሪዎቹ ሜዳው እስኪለመልም ሚዙሪ ዳር ሰፍረው ይጠብቁና ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ባለው ጊዜ ይነሱ ነበር። ቀድሞ የተነሳ በጭቃና በባዶ ሜዳ ከብቱን ያደክማል። ዘግይቶ የተነሳ ደግሞ ከፊት የሄዱት የጋጡትን ሜዳ ያገኛል፣ መጨረሻ ላይም በረዶ ይጠብቀዋል። በቀን 24 ኪሎ ሜትር ቢኬድ መንገዱ 140 ቀናት ያህል ይወስዳል፤ ወንዝ ሲሞላ፣ ጋሪ ሲሰበርና ሰው ሲታመም የሚባክነው ሲታከልበት አምስት ወር አልፎ ስድስት ሊሞላ ይችላል። ዋዮሚንግ ውስጥ ያለውን ኢንዲፔንደንስ ሮክ የተባለ ግዙፍ ዓለት እስከ ጁላይ 4 ያለፈ ተጓዥ በጊዜው እየሄደ ነው ይባል ነበር።

ጋሪው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ትልቅ አልነበረም። በምሥራቁ አገር ዕቃ ያመላልስ የነበረው ኮነስቶጋ የተባለው ከባድ ጋሪ በዚህ መንገድ በሬዎቹን ይገድላቸዋል። ሰፋሪዎቹ የመረጡት ሳጥኑ 3 ሜትር ከግማሽ ያህል የሚረዝም፣ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ቀለል ያለ የእርሻ ጋሪ ነው። ባዶውን 600 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ጭነቱ ከአንድ ቶን ማለፍ አልነበረበትም። የፊት መንኮራኩሮቹ በማዞሪያ ላይ ሳጥኑን እንዳይነኩ ከኋላዎቹ ያንሳሉ። ጣሪያው በታጠፉ እንጨቶች ላይ የተወጠረ፣ ዝናብ እንዳያስገባ የተልባ ዘይት የጠጣ ሸራ ነው። ምንም ዓይነት ስፕሪንግ ስለሌለው ውስጡ መቀመጥ አጥንት ይሰብራል፤ ከሕመምተኞችና ከሕፃናት በቀር አብዛኛው ሰው 3,400 ኪሎ ሜትሩን በእግሩ ነበር የሄደው።

ጋሪውን በብዛት የሚያበላሸው ድርቀት ነው። ከፕላት ወንዝ በላይ አየሩ እየደረቀ ሲሄድ የመንኮራኩሩ እንጨት ይኮማተራል፣ ዙሪያውን የያዘው የብረት ቀለበትም ላልቶ ይወልቃል። ማታ መንኮራኩሩን አውልቆ ወንዝ ውስጥ ማሳደር እንጨቱን ለጊዜው ያሳብጠዋል፤ ካልሆነ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ሽብልቅ ይመታል። ዘንጉ በቅጥራንና በሞራ ድብልቅ በየጊዜው ካልተቀባ ይፋጫል፣ ይግላል፣ ይበላል፤ የቅባቱ ባልዲ ከኋላ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ለዚህ ነው። እንደ ሞፈር ቀንበሩን ከጋሪው የሚያያይዘው ረጅሙ እንጨት ከተሰበረ ደግሞ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ምትክ አይገኝለትም። ጠንቃቃው ሰው ትርፍ እንጨት ከጋሪው ወለል ሥር አስሮ ይጓዝ ነበር።

ለመጎተት አብዛኛው ሰው የመረጠው በሬ ነው። በቅሎ ይፈጥናል፣ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው፤ ፈረስ ደግሞ በሜዳ ሣር ብቻ ጉልበቱን አይጠብቅም። በሬ በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም፤ በአንጻሩ ያገኘውን ይበላል፣ በሌሊት ብዙ አይርቅም፣ ሲቸግር ይታረዳል። ለአንድ ጋሪ ሁለት ወይም ሦስት ጥማድ ያስፈልጋል። ነጂው ጋሪው ላይ አይቀመጥም፤ ከግራ በኩል እየተራመደ በቃልና በጅራፍ ይመራቸዋል። የበሬ ሰኮና ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ ለአንድ እግር ሁለት ብረት ይመታል፤ እንደ ፈረስ በሦስት እግሩ ቆሞ ስለማይታገስ አስሮ መጣል ወይም ጉድጓድ ውስጥ ማቆም ያስፈልግ ነበር።

ስንቅ ላይ የተለመደው ምክር ለአንድ አዋቂ 90 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 34 ኪሎ በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ 11 ኪሎ ስኳር፣ ከ2 ኪሎ በላይ ቡናና 4 ኪሎ ከግማሽ ጨው የሚል ነው። ባቄላ፣ ሩዝ፣ የደረቀ ፍራፍሬና የዳቦ ሶዳም ይጨመራል። ሥጋው ስቡ በሙቀት ቀልጦ እንዳይፈስ በሳጥን ውስጥ በፉርሽካ ተከቦ ይታሸጋል። የደረቀውን ፍራፍሬ እንደ ቅንጦት ቆጥሮ የተወ ሰው በመጨረሻዎቹ ወራት ድዱ ይደማ፣ እግሩ ያብጥ ነበር፤ የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው። ከዚህ ስንቅ በላይ የተጫነው ቁም ሳጥን፣ ምድጃና ወንበር ሁሉ በመንገድ ይጣላል። በተለይ በ1849 ዋዮሚንግ ውስጥ ባለው ፎርት ላራሚ በተባለው ምሽግ አካባቢ የተጣለው ዕቃ ብዛት ያዩትን ሁሉ ያስደነገጠ ነበር።

ቀኑ የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ፣ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከብቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ቁርስ ይበስላል፣ አንድ ሰዓት ላይ ጉዞ ይጀመራል። እኩለ ቀን ላይ በሬዎቹ ከቀንበር ሳይፈቱ ወይም ተፈትተው ያርፋሉ፤ አመሻሽ ላይ ውሃና ሣር ባለበት ይሰፈራል። ጋሪዎቹን በክብ ማቆም ከጥቃት መከላከያ ይልቅ በዋናነት የከብት በረት ነበር። በፕላት ሸለቆ ማገዶ ስለማይገኝ ሴቶችና ልጆች የጎሽ ኩበት እየለቀሙ ያበስሉ ነበር፤ ዝናብ የመታው ኩበት ስለማይነድ ያን ማታ የቀዘቀዘ ይበላል። እያንዳንዱ ቡድን አለቃ ይመርጣል፣ ደንብም ይጽፋል። ይሁን እንጂ እሑድ ይታረፍ ወይስ ይኬድ፣ ከብት የበዛበት ሰው ከኋላ ይቅር ወይስ አይቅር በሚል ክርክር ያልተከፋፈለ ቡድን ጥቂት ነው።

መንገዱ የወንዞች ሰንሰለት ነው፤ ያለ ውሃና ሣር አይኬድምና። ከኢንዲፔንደንስ፣ ከሴንት ጆሴፍ ወይም ከካውንስል ብላፍስ የተነሱት ሁሉ ነብራስካ ውስጥ ፎርት ከርኒ አጠገብ ፕላት ወንዝ ላይ ይገናኛሉ። ዛሬ ኢንተርስቴት 80 ይህንኑ ሸለቆ ይዞ ስለሚሄድ በአሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ሜዳውን በደንብ ያውቁታል። ፕላት ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ሥሩ ግን የሚያሰምጥ አሸዋ ነው፤ መልካ ላይ መሐል የቆመ ጋሪ ይሰምጣል፣ ስለዚህ ጥማዶች ተጨምረው ሳያቋርጡ ይሻገራሉ። ቺምኒ ሮክ የተባለውን ዓለት አልፎ ፎርት ላራሚ ላይ ጋሪ ይጠገናል፣ የደከመ በሬ ይለወጣል። ከሰሜን ፕላት እስከ ስዊትዋተር ባለው ክፍል ያለው ኩሬ ጨዋማ መርዝ ነው፤ የጠጣ በሬ በፍጥነት ያብጣል፣ መድኃኒት ብለው የአሳማ ስብ ወይም ኮምጣጤ ያጠጡት ነበር። ከዚያ 2,260 ሜትር ከፍታ ያለው ሳውዝ ፓስ ይመጣል። ጋሪን ያለ ገመድ ወንዞች ወደ አትላንቲክ ከሚፈሱበት ወገን ወደ ፓስፊክ ወደሚፈሱበት ወገን የሚያሳልፍ ይህ ሰፊና ገር በር ባይኖር ኖሮ መንገዱም አይኖርም ነበር።

ከባዱ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የስኔክ ወንዝ ውሃ ገደል ሥር ይታያል፣ ከብቱ ግን አይደርስበትም። ብሉ ማውንቴንስ በተባሉት ተራሮች ላይ ዛፍ እየቆረጡ ነው የሚያልፉት፤ ቁልቁለት ላይ መንኮራኩሩ በሰንሰለት ይታሰርና ጋሪው በገመድ እየተያዘ ይወርዳል። ዘ ዳልስ የተባለው ስፍራ የደረሱት ደግሞ ጋሪውን ፈታትተው በግንድ ታንኳ በኮሎምቢያ ወንዝ ይወርዱ ነበር። በ1843 የአፕልጌት ወንድማማቾች የተባሉ ሰፋሪዎች ልጆቻቸውን እዚያው ወንዝ ላይ በመስጠም አጡ፤ በ1846 በደቡብ በኩል ሌላ መንገድ የከፈቱት ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት ሳም ባርሎው በሁድ ተራራ ደቡባዊ ጎን ለጋሪ 5 ዶላር የሚያስከፍል መንገድ ከፈተ፤ ወንዙን ያስቀራል፣ ቁልቁለቱ ግን ያስፈራ ነበር።

አቋራጭ የሚባል ፈተናም ነበር። በ1846 የዶነር ቡድን የሚባሉት ሰፋሪዎች እስከዚያ ዓመት ድረስ ጋሪ አልፎበት የማያውቅ የሄስቲንግስ አቋራጭን አምነው በዋሳች ተራሮች ዛፍ ሲቆርጡ፣ በጨው በረሃው ከብት ሲያጡ ሳምንታት ባከኑባቸው። ሴራ ኔቫዳ ላይ በረዶ ዘጋቸው፤ ከ87ቱ በሕይወት የወጡት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ናቸው።

በጠቅላላው መንገድ ላይ ግን ሰው የጨረሰው ኮሌራ ነው። ከ1849 እስከ 1852 በተለይ ከሚዙሪ እስከ ፎርት ላራሚ ባለው ክፍል ጠዋት ጤነኛ የነበረ ሰው ማታ ይቀበር ነበር። ሁሉም አንድ ወንዝ ዳር ይሰፍራል፣ እዚያው ይጸዳዳል፣ ጥልቀት ከሌለው ጉድጓድ ውሃ ይቀዳል፤ በሽታው በውሃ እንደሚተላለፍ አያውቁም ነበር። ቡናና ሻይ የሚጠጣ ሰው ውሃውን ስለሚያፈላው ሳያስበው ራሱን ይከላከል ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው አደጋ ነው፦ ወንዝ ላይ መስጠም፣ ጋሪ ውስጥ ጥይት እንደጎረሰ የተቀመጠ ጠመንጃ፣ ከሚሄድ ጋሪ ዘለው ሲወርዱ መንኮራኩር ሥር የሚገቡ ልጆች።

በፊልም የሚታየው የጋሪ ከበባ ከእውነታው ይርቃል። ከ1840 እስከ 1860 በነባር ሕዝቦች እጅ የሞቱት ሰፋሪዎች 362፣ በሰፋሪዎች እጅ የሞቱት ነባር ሰዎች ደግሞ 426 ተብለው ተቆጥረዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፖኒ፣ ሾሾኒና ካዩስ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ለሰፋሪዎቹ መንገድ መርተዋል፣ ወንዝ አሻግረዋል፣ ሳልመን ዓሣና ፈረስ ሸጠዋል። ግንኙነቱ የተበላሸው ሰፋሪው ሲበዛ ነው፤ ሣሩ ተጋጠ፣ ወንዝ ዳር ያለው ዛፍ ተቆረጠ፣ ጎሹ ሸሸ፣ በሽታም ገባ። በ1847 ኩፍኝ የካዩስ ልጆችን ሲጨርስ ሚስዮናውያኑ ዊትማኖች በካዩሶች እጅ ተገደሉ፤ ጦርነትም ተከተለ። በ1851 ከሜዳው ነባር ሕዝቦች ጋር የተፈረመው የፎርት ላራሚ ውል ለ50 ዓመት በየዓመቱ 50,000 ዶላር ካሳ ቃል ገባ፤ ሴኔቱ ዘመኑን ወደ 10 ዓመት አሳጠረው። በ1854 ከአንድ ሰፋሪ ጠፍታ በታረደች ላም ሰበብ፣ ላኮታ የተባለው ነባር ሕዝብ አለቃ ካሳ እሰጣለሁ እያለ፣ ሌተናንት ግራተን ወታደር ይዞ ሄዶ ተኩስ ከፈተ፤ አለቃውም ቆሰለና ሞተ፣ ግራተንና ወታደሮቹም አለቁ። በዓመቱ የአሜሪካ ጦር በብሉ ዋተር ወንዝ ከ80 በላይ ላኮታዎችን ገደለ።

ዊላሜት የደረሰ ቤተሰብ በኦክቶበር የሚደርሰው ስንቁ አልቆ፣ በሬው ከስቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፎርት ቫንኩቨር ሃድሰንስ ቤይ የተባለው የእንግሊዝ የቆዳ ንግድ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ጆን መክላፍሊን ዱቄትና ዘር በብድር ባይሰጥ ብዙዎች አይተርፉም ነበር። በ1850 የወጣው የመሬት ሕግ ላላገባ ወንድ 130፣ ለባልና ሚስት 260 ሄክታር ያህል ሰጠ፤ ሚስትም ድርሻዋ በስሟ ይመዘገብ ነበር። መሬቱ የሚታደለው ከነባር ባለቤቶቹ ጋር የጸደቀ ውል ሳይኖር ነው። ጥቁሮች ደግሞ በሕጉ አልተካተቱም። በ1844 ቤተሰቡን ይዞ የመጣው ጥቁሩ ገበሬ ጆርጅ ቡሽ ጥቁር እንዳይሰፍር በሚከለክለው የኦሪገን ደንብ ምክንያት ከኮሎምቢያ ወንዝ በስተሰሜን ተሻግሮ ዛሬ ተምዋተር በሚባለው ስፍራ አረሰ፤ የእርሻው ባለቤትነት የተረጋገጠለት ጎረቤቶቹ አቤት ብለውለት ኮንግረስ በ1855 በልዩ ሕግ ከፈቀደለት በኋላ ነው።