ሰርቪስ ቤትን ከዋናው ቤት ጋር ማቀላቀል፦ ፈቃዱና ሥራው

ሰርቪስ ቤት የሚባለው በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ከዋናው ቤት ጀርባ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤት አጥር ተደግፎ የሚሠራ የክፍሎች ረድፍ ነው። ማድ ቤት፣ የሠራተኛ መኝታ፣ ዕቃ ቤትና መጸዳጃ ይይዛል። ቤተሰብ ሲበዛ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለችውን ሁለት ሦስት ሜትር መተላለፊያ ጣራ ማልበስ፣ ግድግዳ መብሳት፣ ዕቃ ቤቱን መኝታ ማድረግ ቀላል ይመስላል።

ባለቤቱ ሥራውን «ጥገና» ይለዋል፤ ችግሩም ከዚህ ስያሜ ይጀምራል። ያረጀ ቆርቆሮ መቀየር፣ ሊሾ ማደስና ቀለም መቀባት ጥገና ነው። ጣራ ማራዘም፣ ግድግዳ ማፍረስና ዕቃ ቤትን መኖሪያ ማድረግ ግን ማሻሻያና የአገልግሎት ለውጥ ይባላል። የጥገና ወረቀት ይዞ ግድግዳ የበሳ ሰው ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ወረቀቱ አያድነውም፤ ሥራው ይቆማል፣ የተሠራውም እንዲፈርስ ሊታዘዝ ይችላል።

ይህን ሥርዓት በአገር ደረጃ የዘረጋው የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲሆን፣ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 243/2003 ነው። አዋጁ ያነጣጠረው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ነው። ግንባታም ሆነ የአገልግሎት ለውጥ ያለ ሕንጻ ሹም (የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር የከተማው ኃላፊ) ፈቃድ እንዳይካሄድ ከልክሎ፣ ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ከሁለት ወለል በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ»፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ያለው ወይም በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የሚበልጥ ምድብ «ለ»፣ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደግሞ ምድብ «ሐ» ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ይጠማዘዛል። በዚህ አከፋፈል ለብቻው የቆመ ሰርቪስ «ሀ» ነው፤ ዋናው ቤት ምድርና አንድ ፎቅ ከሆነና ሰርቪሱ ከተቀላቀለው ግን ሁሉም የአንድ «ለ» ሕንጻ አካል ይሆናል፣ የስትራክቸር ንድፍም ይጠየቃል። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ማሻሻያዎች ስለሚኖሩ የወቅቱን ዝርዝር ከክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት መውሰድ ይበጃል።

ከማመልከቻው በፊት ካርታውና የጸደቀው ፕላን ጎን ለጎን ይዘርጉ። ሰርቪሱ ፕላኑ ላይ ከሌለ፣ በሕግ ፊት የሌለን ቤት ማሻሻል አይቻልም፤ መጀመሪያ እሱ ሕጋዊ መሆን አለበት። ፋይሉ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ነው። ቤቱ በባንክ ዕዳ ከተያዘ ወይም የጋራ ባለቤት ካለው የእነሱ ስምምነት በጽሑፍ ይቀርባል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ተከራዩ ይህን በራሱ መጀመር አይችልም።

ፕላን መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው መስኮት ነው። የሰርቪሱ የኋላ ግድግዳ ወሰን ላይ ስላለ መስኮት አይከፈትበትም፤ ያሉት መስኮቶች ወደ መተላለፊያው ያያሉ። መተላለፊያው ጣራ ሲለብስ እነዚያ ክፍሎች ብርሃንም አየርም ያጣሉ። መፍትሔው የመተላለፊያውን ከፊል ክፍት መተው ወይም አዲሱን ጣራ ከፍ አድርጎ በጎኑ መስኮት ማውጣት ነው።

ጣራው ሌላ ጣጣ አለው። ሰርቪስ ውሃውን ወደ ጎረቤት እንዳያፈስ ወደ ራሱ ግቢ ያዘነብላል፤ ስለዚህ የሁለቱም ቤቶች ውሃ በመካከላቸው ይወርዳል። ሲቀላቀሉ ያ ቦታ የቤቱ ውስጥ ይሆናል። አሸንዳው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅታና ሁለት መውረጃ ይኑረው። በክረምት በረዶ ሲጥል አንዱ መውረጃ ቢደፈን፣ ሁለተኛው ከሌለ ኮርኒሱ ነው የሚቀበለው።

መሠረቱም አንድ አይደለም። በቦሌና በአቃቂ አካባቢ በሰፊው ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱ ቤቶችም እኩል አይንቀሳቀሱም። ግንበኛው ግድግዳውን በብረት አስሮ ሲያያይዘው በሚቀጥለው ክረምት ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ በአንድ ወገን ብቻ በተመታ ላሜራ መሸፈን ይሻላል። የጭቃ ቤት ከሆነ ጣራውን የተሸከሙት ቋሚዎቹ ስለሆኑ፣ ለበር ሁለት ሦስቱን ከመቁረጥ በፊት ጣራው መደገፍ አለበት። ብሎኬት ከሆነ የበሩ ሊንትል (ከበሩ በላይ ያለውን ግንብ የሚሸከመው አግዳሚ) ግራና ቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ግድግዳው ላይ ይረፍ።

የሴፕቲክ ታንክ ማንሆልም ብዙ ጊዜ መተላለፊያው ላይ ነው። ሳይዛወር ጣራ ከለበሰ የወደፊቱ ሳሎን መካከል ይከፈታል፤ ቦቴ ሲመጣም ቱቦው የሚያልፈው በሳሎን ነው።

ማድ ቤቱ ከመኝታ ጋር ሲገናኝ ከሰልና እንጨት እዚያው መቀጠል የለባቸውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ሰርቪሱ ድሮ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ከተያያዘ ገመዱ ይግላል፤ ምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ ብሬከርና 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይፈልጋል።

መሠረት ከመሸፈኑ በፊት ለሕንጻ ሹሙ ማሳወቅና ማስፈተሽ የፈቃዱ አካል ነው። ሥራው ሲያልቅ አዲሱ ፕላን ፋይሉ ውስጥ ካልገባ፣ በሽያጭ ወይም በብድር ጊዜ የባንኩ ገማች የሚለካው አሮጌውን ፕላን ይዞ ነው።