«ያልተጠራ እንግዳ ከታታር ይብሳል»

ሳይደውል ከች ያለ ሰው ሩሲያ ውስጥ ይህን ተረት ቢሰማ አይገርምም። ሳይነግር የሚመጣ እንግዳ ቤት ያምሳል፤ ባለቤቱም ምን እንደሚያቀርብ ይጨንቀዋል ለማለት ነው። ዛሬ የሚባለው ለቀልድ ነው። ከተቀመጡት መሃል አንዱ ታታር፣ ማለትም ሩሲያ ውስጥ ከሚኖሩት ሕዝቦች የአንዱ ተወላጅ፣ ከሆነ ግን ቀልዱ ይመራል።

ተረቱ የሚወስደን ወደ 13ኛው መቶ ዘመን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሞንጎል ጦር በ1237 ሪያዛንን፣ በ1240 ኪየቭን አወደመ። ከዚያ ወዲህ የሩሲያ መሳፍንት በቮልጋ ወንዝ ታችኛው ዳር ለተቀመጠው የሞንጎል መንግሥት፣ ለ«ወርቃማው ሆርድ»፣ ገባሪ ሆኑ። ሩሲያውያን እነዚያን ገዢዎች በጅምላ ታታር ይሏቸው ነበር። ግብር የሚያስከፍለው ሹም ሲመጣ የጠራው የለም፤ ባዶ እጁንም አይመለስም። በ1327 ትቬር ከተማ ስላመፀችበት ሹም የተገጠመ የሕዝብ ግጥም አለ። ገንዘብ የሌለው ልጁ ይወሰድበታል፤ ልጅ የሌለው ሚስቱ፤ ሚስትም የሌለው ራሱ ይነዳል። እንዲህ ያለ «እንግዳ» ያየ ሕዝብ ቢተርትበት አይፈረድበትም።

የሚያሳዝነው ተረቱ ማን ላይ እንደቀረ ነው። ዛሬ ታታር ሲባል ቀድመው የሚታሰቡት የካዛንና የአካባቢዋ ሰዎች፣ ከቱርክኛ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ የሚናገሩት ሙስሊሞች ናቸው። ከአያቶቻቸው መካከል በ922 እስልምናን የተቀበሉት የቮልጋ ቡልጋሮች አሉበት። ሞንጎሎቹ ደግሞ ሪያዛን ከመድረሳቸው በፊት፣ በ1236፣ ያወደሙት የእነዚህኑ ቡልጋሮች ከተሞች ነው! ቆይቶ በ1552 የሩሲያው ንጉሥ ኢቫን አስፈሪው በጦር ካዛንን ያዘ። እሱንስ ማን ጠራው?

ቋንቋቸውም ቢሆን ያልተጠራ እንግዳ በዝቶበታል። ለዘመናት በአረብኛ ፊደል ሲጻፍ ኖሮ በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ላቲን ተዛወረ። በ1939 ደግሞ የሩሲያ ፊደል መጣ። አንድ ሰው በዕድሜው ሦስት ጊዜ ፊደል ቆጠረ ማለት ነው። በሩሲያ ውስጥ ያለችው የታታሮች ሪፐብሊክ ታታርስታን በ1999 ወደ ላቲን ልመለስ ብላ ሕግ አወጣች፤ ሞስኮ በ2002 በራሷ ሕግ መንገዱን ዘጋችው።

ታታሮች ራሳቸው ስለ እንግዳ የሚተርቱት ሌላ ነው፦ «ኩናክ አሺ ካራ ካርሺ»። የእንግዳ ምግብ ፊት ለፊት ነው እንደማለት፤ በእኛ አፍ ብድር በምድር። ዛሬ እኔ ቤት ከበላህ ነገ እኔ አንተ ቤት እበላለሁ። ለክብር እንግዳ የሚቀርበው ቻክቻክ ነው፤ ትንንሽ ሊጥ በዘይት ይጠበስና የፈላ ማር ተለውሶበት እንደ ጉብታ ይከመራል። ጣት ላይ ይጣበቃል፤ በሻይ ካልሆነ ጣፋጭነቱ አይቻልም። ሁለት ሦስቴ የቆረሰ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ጣደፍ ብሎ ድግሱን ያስብበት።