“ምርኮ የድል አድራጊው ነው”፦ አባባሉ ከየት መጣ?

በአሜሪካ ፖለቲካ “ምርኮ የድል አድራጊው ነው” ሲባል፣ ምርጫ ያሸነፈ ፓርቲ የመንግሥትን ሥራ ለደጋፊዎቹ ቢያድል መብቱ ነው ማለት ነው። የእኛው “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚናገረው ስለ በይው ነው፤ ይኸኛው ግን ስለ አዳዩ።

አባባሉን ያስታወቀው የኒው ዮርኩ ሴናተር ዊልያም ማርሲ ነው። በጥር 1832 እ.ኤ.አ. ሴኔቱ ማርቲን ቫን ቢዩረን በብሪታንያ የአሜሪካ መልእክተኛ እንዲሆን ፕሬዚዳንት ጃክሰን ባቀረበው ሹመት ላይ ይከራከር ነበር። ሴናተር ሄንሪ ክሌይ ሹመትን ለወገን የማደሉን ልማድ ከኒው ዮርክ ያመጣው ቫን ቢዩረን ነው ብሎ ከሰሰ። ማርሲ ማስተባበሉን ትቶ፣ የኒው ዮርክ ፖለቲከኞች የጠላት ምርኮ ለድል አድራጊው ይገባል በሚለው ደንብ ነውር አይታያቸውም ብሎ ዐረፈው። ድምፁ እኩል ለእኩል ሲወጣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ካልሁን ሹመቱን ጣለው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። የ1820ው ሕግ የጉምሩክ ሹሞችንና የመሬት ሽያጭ ገንዘብ ተቀባዮችን ዘመን በ4 ዓመት ስለገደበ፣ ሰውየውን ማባረር እንኳ አያስፈልግም፤ ጊዜው ሲያልቅ አለማደስ ይበቃል። ጃክሰንም በ1829 የመንግሥት ሥራ ማንም አስተዋይ ሰው ሊለምደው የሚችል ነው ሲል ተከራክሯል። ለደብዳቤ ገልባጭ እውነት ነው። ለጉምሩክ ግን አይሠራም።

ለምሳሌ የ1828ቱ ታሪፍ (የገቢ ዕቃ ቀረጥ ሕግ) የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችን ለመጠበቅ የወጣ ነው። በዚህ ታሪፍ በካሬ ያርድ ከ1 ዶላር በላይ እስከ 2.50 ዶላር የሚያወጣ የሱፍ ጨርቅ ሁሉ ዋጋው 2.50 ተብሎ ይቀረጣል። ቀረጡ 45 በመቶ ሲደርስ 1.05 ዶላር የሚያወጣው ጨርቅ 1.12 ዶላር ግድም ይከፍላል፤ አስመጪው ዋጋውን 1 ዶላር ብሎ ካሳለፈው ግን 45 ሳንቲም ብቻ። ልዩነቱን የሚይዘው ጨርቅ በእጁ ዳብሶ ዋጋውን የሚያውቅ ገማች እንጂ የምርጫ ቅስቀሳ ባለሟል አይደለም።

ገንዘቡም ቢሆን አልተረፈም። ጃክሰን በ1829 የኒው ዮርክን ጉምሩክ የሰጠው ለሳሙኤል ስዋርትዋውት ነበር፤ ያውም ቫን ቢዩረን እየተቃወመ። ነጋዴዎች “አይገባኝም” እያሉ በተቃውሞ የሚከፍሉትን ቀረጥ ሹሙ፣ ክስ ቢነሣ መመለሻ ይሆነኛል እያለ፣ ግምጃ ቤት ሳያስገባ ይዞ ያቆየው ነበር። በ1838 ሥልጣኑን ለቆ አውሮፓ ከተሻገረ በኋላ ሂሳቡ ሲመረመር ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጎደለ። ኮንግረስም በ1839 እንዲህ ያለው ገንዘብ በቀጥታ ግምጃ ቤት እንዲገባ አዘዘ። የሹመቱ እደላ ግን ቀጠለ፤ ለፌዴራል ሥራ የፈተና ሕግ የወጣው በ1883 ነው፣ እሱም መጀመሪያ ለጥቂቱ ሥራ ብቻ።