የቺፕሴት ማቀዝቀዣን መቀየር ምንድን ነው?

የጠረጴዛ ኮምፒውተር ጠዋት ሲበራ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲጢጥ ብሎ፣ ሞቅ ሲለው ደግሞ ድምፁ ጠፍቶ ፀጥ የሚል ከሆነ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የፕሮሰሰሩን ወይም የፓወር ሳፕላዩን ፋን ነው። ኬዙ ተከፍቶ ሲታይ ግን ጥፋተኛዋ ብዙ ጊዜ ከግራፊክስ ካርዱ ሥር የተሸሸገች፣ ወርዷ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነች ትንሽ ፋን ሆና ትገኛለች። ይህች ፋን የምታቀዘቅዘው ቺፕሴት የሚባለውን ክፍል ነው፤ እሷንና የተቀመጠችበትን ሂትሲንክ፣ ማለትም ሙቀቱን ስቦ ወደ አየር የሚበትነውን ባለ ክንፍ ብረት፣ አውልቆ በምትካቸው ከሌላ አምራች የተገዛ የተሻለ ማቀዝቀዣ መግጠም ደግሞ የቺፕሴት ማቀዝቀዣ መቀየር ይባላል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ እጁ ለፈታ ሰው በእርግጥም ብዙ ጊዜ አይወስድም። ነገር ግን ደህና የነበረ ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ቦርድ) በባለቤቱ እጅ ከሚበላሽባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ስለሆነ፣ ምን እንደሚቀየርና ለምን እንደሚቀየር አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ቺፕሴት ፕሮሰሰሩ ከቀሩት የኮምፒውተሩ ክፍሎች ጋር የሚገናኝበት ቺፕ ነው። ለረጅም ዓመታት ሥራው ለሁለት ቺፖች ተከፍሎ ቆይቷል፤ ኖርዝብሪጅ የሚባለው ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ተቀምጦ ራሙንና ግራፊክስ ካርዱን ያገናኝ ነበር፤ ሳውዝብሪጅ የሚባለው ደግሞ ወደ ቦርዱ ግርጌ ወርዶ ሃርድ ዲስኩን፣ ዩኤስቢውን፣ ድምፁንና የመሳሰለውን ያስተናግድ ነበር። ከባዱን ጭነት የሚሸከመው ኖርዝብሪጁ ስለነበረ ይበልጥ የሚሞቀውም እሱ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሰዎች ማቀዝቀዣ ቀየርን ሲሉም በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ኖርዝብሪጁ ነው።

ይህ አደረጃጀት ቀስ በቀስ ተለወጠ። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው አትሎን 64 የራም መቆጣጠሪያውን ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገባው፤ ኢንቴልም በ2008 በመጀመሪያው ኮር አይ 7 ይህንኑ አደረገ፤ በ2009 ደግሞ የግራፊክስ ካርዱ መስመር ጭምር ወደ ፕሮሰሰሩ ገብቶ ኖርዝብሪጅ ከኢንቴል ቦርዶች ላይ ቦታውን እየለቀቀ ሄደ። የለውጡን መጠን በዋት ማየት ይቻላል፤ በ2008 የወጣው የኢንቴል ኤክስ 58 ቺፕ እስከ 24.1 ዋት ሙቀት እንደሚያወጣ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ በ2020 የወጣው ዜድ 490 ግን 6 ዋት ብቻ ነው። ለ6 ዋት ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ሳህን ይበቃል፤ ፋንም አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ ሙቀቱ ሁልጊዜ እየቀነሰ ነው የመጣው ማለት አይደለም። በ2004 ብቅ ያለው ኤንፎርስ 4 የተባለው የኤንቪዲያ ቺፕሴት፣ የራም መቆጣጠሪያው ቢቀርለትም፣ ቀድሞ በሁለት ቺፖች ላይ የነበረውን የቀረውን ሥራ በአንድ ቺፕ ላይ ሰብስቦ፣ ግራፊክስ ካርድና ሌሎች ካርዶች የሚገናኙበትን አዲሱን የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመርም ጨመረበት። በብዙ ቦርዶች ላይ ቺፑ የተቀመጠው ረጅሙ ግራፊክስ ካርድ በሚያልፍበት ቦታ በመሆኑ ከፍ ያለ ሂትሲንክ ማቆም አልተቻለም፤ ስለዚህ አምራቾቹ ዝቅ ያለ ሂትሲንክ ላይ ትንሽ ፋን አስቀመጡ። በየቦርዱ ላይ ስትጮህና ስትቆም የምትታየው ፋን ስም ያተረፈችው በዚህ ጊዜ ነው። ታሪኩ በ2019 ተደገመ፤ ኤኤምዲ ኤክስ 570 የተባለውን ቺፕሴት ከፒሲአይ ኤክስፕረስ 4 ጋር ሲያወጣ የቺፑ ሙቀት ወደ 11 ዋት ግድም ደረሰና ለዓመታት ተረስታ የነበረችው ትንሽ ፋን በአብዛኞቹ ቦርዶች ላይ ተመልሳ መጣች። በ2021 ኤክስ 570 ኤስ በሚል ስም ያለ ፋን የሚሠሩ ቦርዶች መውጣታቸው፣ ገዢው ፋኗን ምን ያህል እንደጠላት የሚያሳይ ይመስለኛል።

ትንሽ ፋን ለምን ቶሎ ትሞታለች? ክንፎቿ አጫጭር ስለሆኑ በቂ አየር ለመግፋት በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ መሽከርከር ይኖርባታል፤ ይህ ፍጥነት ቀጭን የሚወጋ ድምፅ ያወጣል፣ ዘንጓ የሚዞርበትን ቀለበትም ይበላል። በዚያ ላይ በውስጧ ያለው ቅባት እጅግ ጥቂት ነው፤ ከሥሯ የሚሞቅ ቺፕ፣ ከላይዋ ደግሞ የሚሞቅ ግራፊክስ ካርድ ስላለ ቅባቱ ቶሎ ይደርቃል። ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ሲጢጥታ የዚህ ድርቀት ድምፅ ነው። ዝም ስትል ዳነች ማለት አይደለም፤ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ዝም ትላለች፣ ባለቤቱም ድምፁ በመጥፋቱ ደስ ብሎት ይቆይና ኮምፒውተሩ በጨዋታ ወይም በቪዲዮ ሥራ መሀል ቀጥ ማለት ሲጀምር ነው ነገሩ የሚገባው።

እንግዲህ ማቀዝቀዣ የሚቀየርበት ዋናው ምክንያት ድምፅና የፋን ሞት ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም። ቺፕሴት ስለቀዘቀዘ ኮምፒውተር አይፈጥንም። ኖርዝብሪጁ የራም ፍጥነት በሚወስንበት ዘመን ፕሮሰሰራቸውን ከተወሰነለት በላይ የሚያስሮጡ ሰዎች የቺፑን ቮልቴጅ ከፍ ስለሚያደርጉ የተሻለ ማቀዝቀዣ በእርግጥ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ዛሬ ግን ይህ ምክንያት ከሞላ ጎደል ቀርቷል።

የማቀዝቀዣ አቅም የሚለካው ለእያንዳንዱ ዋት ስንት ዲግሪ ሙቀት ይጨምራል በሚለው ነው። ለምሳሌ ቺፑ 10 ዋት ቢያወጣ፣ የሂትሲንኩ መለኪያ በዋት 4 ዲግሪ ቢሆንና በኬዙ ውስጥ ያለው አየር 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ ቺፑ 75 ዲግሪ ግድም ይደርሳል፤ መለኪያው በዋት 2.5 በሆነ ሂትሲንክ ቢተካ ወደ 60 ይወርዳል። በዚህ ስሌት ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው 35ቱን ነው። በኬዙ ውስጥ ያለው አየር ካልወጣ የቱንም ያህል ትልቅ ሂትሲንክ ቢገጠም የሚያቀዘቅዘው በሞቀ አየር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ በዚያው ፍጥነት የምትዞር ፋን የምትገፋው አየር መጠኑ ያው ቢሆንም ክብደቱ ያነሰ ነው፤ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም እንዲሁ። የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ጉድለቱን በከፊል ይክሰዋል።

ለምትክ ከሚገዙት ውስጥ ቀላሉ ፋን የሌለው ረጅም ሂትሲንክ ነው። የዛልማን ኤንቢ 47 የሚባለው ሰማያዊ አሉሚኒየም በዘመኑ በብዙ ቦርዶች ላይ ይታይ ነበር፤ ቁመቱ 47 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግራፊክስ ካርድ በማያልፍበት ቦታ ተቀናቃኝ አልነበረውም። ቦታ ለጠበበባቸው ቴርማልራይትና ኖክቱዋ በሂትፓይፕ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎችን አውጥተው ነበር። ሂትፓይፕ በውስጡ ጥቂት ፈሳሽ የታሸገበት የመዳብ ቱቦ ነው፤ ፈሳሹ ቺፑ ዘንድ ሲሞቅ ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሄዳል፣ እዚያም ሙቀቱን ለክንፎቹ አስረክቦ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ሙቀቱ ከካርዱ ሥር ተስቦ ነፋስ ወደሚያገኝበት ቦታ ይወሰዳል። ፋን የሌለው ይሻላል ወይስ ያለው ለሚለው ጥያቄ የኔ ምርጫ ያለ ጥርጥር የሌለው ነው፤ የማይዞር ነገር አይቆምም። ይህ የሚሠራው ግን ኬዙ ቢያንስ አንድ በደንብ የሚሠራ የኋላ ፋን ካለው ነው።

ከመግዛት በፊት የሚለኩ ነገሮች አሉ፤ ስህተቱም በአብዛኛው የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው አያያዙ ነው። አንዳንዱ ቦርድ በቺፑ ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሂትሲንኩም ሞላ በለበሱ የፕላስቲክ ችንካሮች ይያዛል። አንዳንዱ በቦርዱ ላይ የተበየዱ የሽቦ ቀለበቶች አሉት፤ አንዳንዱ ደግሞ በሙጫ ብቻ የተለጠፈ ነው። አዳዲሶቹ ከቦርዱ ጀርባ በብሎን ይታሰራሉ። የቀዳዳዎቹ ርቀት ከቦርድ ቦርድ ስለሚለያይ ከመሀል እስከ መሀል በሚሊ ሜትር መለካት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቁመቱ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ እንደተሰካ ከቺፑ ፊት እስከ ካርዱ ሆድ ያለው ክፍተት በማስመሪያ ይለካል፤ ካርዱ በኋላ በትልቅ ይቀየር እንደሆነም ይታሰባል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ የነበረው ሂትሲንክ ብቻውን መሆን አለመሆኑ ነው። በብዙ ቦርዶች ላይ የቺፕሴቱ ማቀዝቀዣ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚመግቡትን ክፍሎች ከሚያቀዘቅዘው ጋር በቱቦ የተያያዘ ነው፤ አንዱ ሲወልቅ ሌላውም አብሮ ይወልቃል፣ እነዚያም ክፍሎች ምትክ ካልተገኘላቸው ራቁታቸውን ይቀራሉ። እንዲህ ያለውን ቦርድ ባይነኩት ይሻላል።

አወላለቁ ላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ችንካሮቹ የሚወጡት ከጀርባ ስለሆነ ማዘርቦርዱ ከኬዙ መውጣት አለበት፤ የተሰነጠቀውን የችንካሩን ጫፍ በቀጭን ፒንሳ ጨመቅ አድርጎ ወደ ፊት መግፋት ነው። ከዚያ በኋላ ሂትሲንኩ እንቢ ካለ በካቻቢቴ አይፈነቀልም፤ ካቻቢቴው ከቺፑ አጠገብ ያሉትን የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ክፍሎች ጠራርጎ ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ በዕድሜ ብዛት ስለደረቀ በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ደቂቃ አሙቆ፣ ሂትሲንኩን ወደ ላይ ሳይስቡ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሽ በትንሹ ማዞር ይገባል፤ በመጨረሻ እንደ ማስቲካ እየተሳበ ይለቅቃል። በቺፑ ላይ የቀረው ግራጫ ወይም ሮዝ ቅሪት በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ከተፋቀ በኋላ በአልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጸዳል።

አዲሱ ከመቀመጡ በፊት ተርማል ፔስት የሚባለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ይቀባል። ፔስት የሚቀባበት ምክንያት ሁለቱ ገጾች ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም በመካከላቸው አየር የሚይዝ ሸካራነት ስላለ ነው፤ ተራ የሚባለው ፔስት እንኳ ሙቀትን ከአየር በብዙ አሥር እጥፍ ያስተላልፋል። ከመዳብና ከአሉሚኒየም ግን በብዙ ስለሚያንስ፣ ማብዛቱ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፤ ከምስር ፍሬ ያልበለጠ ይበቃል። ፋብሪካው በፔስት ፈንታ የተጠቀመው ተርማል ፓድ የሚባለውን ወፍራም ለስላሳ ምንጣፍ ከሆነ ደግሞ ያ ምንጣፍ ክፍተት ሊሞላ የገባ ሊሆን ስለሚችል፣ በፔስት ሲተካ ሂትሲንኩ ቺፑን በእርግጥ መንካቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ለማረጋገጥም አንዴ ገጥሞ አውልቆ ፔስቱ በሁለቱም ገጽ ላይ መታተሙን ማየት ነው።

አንድ አደጋ ከሁሉ ይበልጣል። ብዙ ቺፕሴቶች የብረት ክዳን የላቸውም፤ መሀላቸው ላይ ጎልቶ የሚታየው መስታወት መሳይ አራት ማዕዘን ራሱ ሲሊኮኑ ነው። ሂትሲንኩ አዘንብሎ በአንድ ጎን ብቻ ቢጫን የሲሊኮኑ ጠርዝ ይፈረከሳል፤ የተፈረከሰ ቺፕ ደግሞ ተጠግኖ አይድንም። አንድ ጊዜ ለማየት ያመጡልኝ ቦርድ ላይ ጉዳቱ ከሩዝ ፍሬ ጫፍ አይበልጥም ነበር፤ ቦርዱ ግን ጨርሶ አልበራም። ስለዚህ ሁለቱ ችንካሮች ወይም ብሎኖች በተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይታሰራሉ። በአዲሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለማዕዘኖቹ የሚሆን ስፖንጅ ካለ አይጣል፤ የመጣው ይህን ማዘንበል ለመከላከል ነው።

ሁሉም ተገጥሞ ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ የቀድሞዋ ፋን ገመድ ስለተነቀለ ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ክፍሎቹን የሚፈትሸው ፕሮግራም፣ የፋን ስህተት አለ ብሎ ሊያቆም ይችላል፤ በዚያ ሶኬት ላይ የተቀመጠውን የፋን ክትትል ማጥፋት ይበቃል። ከዚያም የቺፕሴቱን ሙቀት በመለኪያ ሶፍትዌር ሥራ በበዛበት ሰዓት ማየት ነው። ለብዙዎቹ 60 ወይም 70 ዲግሪ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሂትሲንኩ በእጅ ሲነካ መፋጀቱም ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ ይልቅ ሶፍትዌሩ ትኩስ እያለ ሂትሲንኩ ቀዝቃዛ ከሆነ ነው መጨነቅ፣ ሁለቱ አልተገናኙምና።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ዛሬ ላይ ያለ ቦርድ ይዞ ለሚጠይቀኝ ሰው የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር አቧራውን ማስወጣት ነው። ለዚህ ሲባል ኬዙን ተሸክሞ ወደ ጎሚስታ የመሄድ ልማድ አለ፤ ኮምፕረሰሩ አቧራውን በእርግጥ ይጠርጋል፣ ነገር ግን ከቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ አብሮ ሊረጭ ይችላል፣ ነፋሱም ትንሿን ፋን ከአቅሟ በላይ አሽከርክሮ የቀረ ዕድሜዋን ይጨርሰዋል። ግድ ከሆነ መጀመሪያ ነፋሱን ወደ መሬት ለቅቆ ውሃውን ማስወጣት፣ ፋኗንም በጣት ወይም በእንጨት ይዞ ማስነፋት ነው። ፋኗ መጮህ ከጀመረች ደግሞ ከመሀሏ ላይ ያለውን ተለጣፊ ገልጦ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት መጣል ለጥቂት ወራት ያቆያታል፤ ከዚያ በኋላ ሂትሲንኩን ሳይነኩ ፋኗን ብቻ መተካት ይቻላል። ክፈፍ ያላት መደበኛ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ፋን በብሎን ቀዳዳዎቿ መካከል ያለው ርቀት 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከቺፕሴት ላይ የምትወጣው ግን ብዙ ጊዜ ክፈፍ የላትም፣ ቀዳዳዎቿም የራሷ ብቻ ስለሆኑ፣ አሮጌዋን በእጅ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ይመረጣል።